ለቻርጅ ጣቢያ ቦታ ለምትመርጪው

የእኔ ልጅ፣ በየካና በእንጦጦ ዙሪያ ለኤሌክትሪክ መኪና ፈጣን ቻርጅ ማድረጊያ የሚተከልበትን ቦታ ለይተሽ እንድታቀርቢ ሥራው እንደተሰጠሽ እናትሽ ነገረችኝ። ስሌቱን አንቺ ከእኔ የተሻለ ተምረሻል። እኔ ግን ዕድሜዬን በፖልና በትራንስፎርመር መሃል የጨረስኩ ሰው ነኝና ሰፈሩን አውቀዋለሁ፤ ከቀበና ድልድይ እስከ ካራ የትኛው መንደር ማታ ማታ አምፖሉ እንደሚደበዝዝ፣ የትኛው ዳገት በክረምት ጎርፍ እንደሚለቅ። እንግዲህ ካርታው ላይ ነጥብ ከማድረግሽ በፊት አጎትሽን ስሚው።

1. መገናኛን ተዪው።

ስብሰባ ላይ መጀመሪያ የሚጠራው ስም እሱ ነው። የቦሌው፣ የሃያ ሁለቱ፣ የቀበናው፣ የኮተቤው፣ የሲኤምሲው መንገድ እዚያ ይገናኛል፤ ባቡሩም እዚያው ያልፋል። «መኪና የሚበዛው እዚያ ነው» ይሉሻል። ይበዛል፣ አልዋሹም። የሚበዛው ግን ለማለፍ ነው። መገናኛ የደረሰ ሹፌር ልቡ ያለው ቶሎ ከዚያ መውጣቱ ላይ ነው፤ ግማሽ ሰዓት ቁም ብትዪው ይስቅብሻል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቻርጅ ጣቢያን በማደያ ዓይን ስለሚያይ ነው። ማደያ የገባ መኪና ወረፋው ከደረሰው አምስት ደቂቃ ቢቆይ ነው። 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝን ባትሪ ከ20 ወደ 80 በመቶ ለማድረስ ግን 30 ኪሎዋት ሰዓት መግባት አለበት፤ መኪናዋ በአማካይ 60 ኪሎዋት ብትቀበል እንኳ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። አራት መኪና ባንዴ የሚያስተናግድ ጣቢያ በሰዓት ስምንት ይሸኛል ማለት ነው። አሁን ደግሞ አሥር መኪና ወረፋ ሲጠብቅ አስቢ። ለአንዱ አምስት ሜትር ተኩል ብትይዥለት 55 ሜትር ሰልፍ ይሆናል፣ የኋለኛው ሰውዬም ከአንድ ሰዓት በላይ ይቆማል። ይህን 55 ሜትር መገናኛ ላይ ወዴት ትገፊዋለሽ? የታክሲ ተሳፋሪው ላይ?

ስለዚህ ቦታ ልታዪ ስትሄጂ ሜትር ይዘሽ ሂጂ። ቻርጀሩ የሚያርፍበትን ብቻ አትለኪ፣ ወረፋው የሚያርፍበትንም ለኪ። ወረፋው ግቢ ውስጥ የማይገባ ከሆነ ሌላ ቦታ ፈልጊ፤ ባለቤቱ ምንም ቢያግባባሽ።

2. ከመሬቱ በፊት ትራንስፎርመሩን እዪ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይብሽ ነው፣ ታገሺኝ።

የሕዳሴው ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ነው። ሰው ይህን ሰምቶ ከእንግዲህ መብራት ሞልቷል ይላል። ግድቡ ያለው ጉባ ነው፤ ያንቺ ቻርጀር የሚቀዳው ግን ኮተቤ ውስጥ ፖል ላይ ከተሰቀለ ትራንስፎርመር ነው። በመሃል ረጅም መስመር አለ፣ ማከፋፈያ ጣቢያ አለ፣ እንደገና መስመር አለ፤ ብዙ ጊዜ የሚጠበውም ወደ ቤት ሲቃረብ ነው።

በአዲስ አበባ መንደር ለመንደር የሚሄደው መካከለኛ ቮልቴጅ 15 ኪሎቮልት ነው። ትራንስፎርመሩ ወደ 380 አውርዶ ለየቤቱ ያድለዋል። በሁለት ፖል መሃል ተቀምጦ የምታዪው አብዛኛውን ጊዜ 200 ወይም 315 ኬቪኤ ነው። አሁን አንድ ባለ 120 ኪሎዋት ቻርጀር አምጪና ከጎኑ አቁሚ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3.5 ኪሎዋት ይወስዳል፤ እንግዲህ አንድ መኪና በሰካሽ ቁጥር 34 ምጣድ ባንድ ጊዜ ጣድሽ ማለት ነው። ሁለተኛ መኪና ሲመጣ 240 ኪሎዋት ይደርሳል፣ ያ ባለ 315 ትራንስፎርመርም ለሰፈሩ የሚያተርፈው እምብዛም አይኖረውም። ከዚያ የሚሆነውን በዓይኔ ያየሁት ስለሆነ ልንገርሽ፦ መጀመሪያ አምፖል ቢጫ ይሆናል፣ ፍሪጅ ያቃስታል፣ ውኃ የሚስበው ሞተር መነሳት ያቅተዋል፤ ቀጥሎ ፖሉ ላይ ያለው ፊውዝ ጧ ብሎ ተቃጥሎ ይወርዳል። መንደሩ በሻማ ተቀምጦ ያንቺን ጣቢያ ስም እያነሳ ያመሻል።

ቦታው ላይ ስትደርሺ የትራንስፎርመሩን ሰሌዳ ቀና ብለሽ አንብቢ፣ አቅሙ በኬቪኤ ተጽፎበታል። ጭነቱን ግን ቀን እንዳታስለኪ። ረፋድ ላይ ሰው ሥራ ነው፣ ልጆች ትምህርት ቤት ናቸው፣ ንባቡ ደስ የሚል ይሆንና ያታልልሻል። ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ አስለኪ፤ ከተቻለ ደግሞ የበዓል ዋዜማ ላይ፣ ምጣዱ ሁሉ በተጣደበት ማታ። ቴክኒሻኑ በዓል ነው ብሎ ቢያጉረመርም ቡና አፍልተሽ ለምኚው።

እኔን ከጠየቅሽኝ ግን ከሰፈር ትራንስፎርመር ጨርሶ አትቅጂ። ለጣቢያው የራሱን ትራንስፎርመር ከ15 ኪሎቮልቱ መስመር ላይ ትከዪለት። ስለዚህ ቦታ የምትፈልጊው ከኮተቤ ማከፋፈያ ጣቢያ የሚወጣው መስመር በቅርብ ከሚያልፍበት ነው። መስመሩ በራቀ ቁጥር ኬብል አለ፣ ቁፋሮ አለ፣ አስፋልት ለመቁረጥ ፈቃድ አለ፣ የተቆረጠውን ማስመለስ አለ። ኪራዩ ርካሽ ሆኖ መስመሩ 600 ሜትር የራቀ ግቢ ርካሽ አይደለም። የኃይል ጥያቄውንም ለኤሌክትሪክ አገልግሎት አስቀድመሽ አስገቢ፤ መልሱን በጽሑፍ ሳትይዢ የመሬት ውል አትፈርሚ። መሬት ይዘው፣ አጥር አጥረው፣ ቻርጀር በጅቡቲ በኩል አስመጥተው፣ ከዚያ በኋላ ኃይል የለም የተባሉ ሰዎች አሉ። መጥኖ መደቆስ የሚባለው ለዚህ ነው።

ቻርጀሩንም ስትገዙ ኃይል የሚያካፍል ይሁን። ሁለት መኪና ሲሰካበት 120ውን ለሁለት የሚከፍል፣ ማታ ማታ ደግሞ በትእዛዝ ወደ 60 ዝቅ የሚል። ሰው ማታ 3 ሰዓት አልፎ ቢመጣ በቅናሽ ዋጋ እንዲስተናገድ አድርጉት፤ የራይድና የፈረስ የጥሪ ታክሲ ሹፌሮች ወዲያው ይለምዱታል።

3. ቤቱ ቻርጅ ማድረግ የማይችለው ማን ነው ብለሽ ጠይቂ።

በ2014 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ መኪና ከተጨማሪ እሴት፣ ከኤክሳይስና ከሱር ታክስ ነፃ ሆነ፤ ቀረጡም ተገጣጥሞ ለሚገባው 15 በመቶ፣ በከፊል ለተገጣጠመው 5 በመቶ፣ ሙሉ በሙሉ ተበታትኖ ለሚመጣው ዜሮ ተደረገ። በጥር 2016 ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በነዳጅ የሚሠራ መኪና እንዳይገባ መከልከሉን አስታወቀ። ከዚያ በኋላ አዲስ መኪና የገዛ ሰው ወዶም ሆነ ሳይወድ ሶኬት ፈላጊ ሆነ። ሶኬቱ ግን ለሁሉም እኩል አልደረሰም።

ሲኤምሲና አያት ቪላ ያለው ሰው ግቢው ውስጥ የ7 ኪሎዋት ቻርጀር ግድግዳ ላይ ሰቅሏል። ማታ ሰክቶ ይተኛል፣ ጠዋት ሞልቶ ያገኘዋል። ይህ ሰው ፈጣን ጣቢያ የሚመጣው በዓመት ስንት ቀን ነው? መንገድ ሲወጣ ብቻ። ጣቢያሽን ለእሱ ብለሽ ቪላ መሃል ብትተክዪው ሣር ይበቅልበታል። ምንም እንኳ መኪናው የሚታየው እዚያ ሰፈር ቢሆንም።

አሁን ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገት ውጪ፣ ወይም ወደ ጉራራና ወደ ኮተቤ ውስጥ ለውስጥ ግቢ። አንድ ግቢ ውስጥ አምስት ስድስት ተከራይ አለ፤ ቆጣሪው አንድ፣ ያውም የአከራይ። ብድር ገብቶ የኤሌክትሪክ መኪና ገዝቶ ራይድ የሚሠራ ልጅ ማታ ሲገባ በመስኮት ኤክስቴንሽን ዘርግቶ ለመሰካት ይሞክራል። አከራይዋ ትወጣና፣ «ልጄ፣ እኔ አንተን ቤት አከራየሁህ እንጂ ማደያ አላከራየሁህም» ትለዋለች። አይፈረድባትም፤ የእሷም ሽቦ ሊቃጠል ይችላል። ኮንዶሚኒየም ያሉትም እንዲሁ ናቸው። ሦስተኛና አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው ከቆጣሪው እስከ መኪናው ኬብል መዘርጋት አይችልም፤ ቢዘረጋም ልጆች ይረግጡታል፣ ዝናብ ይወርድበታል።

ፈጣን ጣቢያ ለእነዚህ ሰዎች የቅንጦት ዕቃ አይደለም፣ እንጀራቸው ነው። የራይድ ሹፌር በቀን 150 ኪሎ ሜትር ቢነዳ ባትሪውን ቶሎ ቶሎ መሙላት ያስፈልገዋል። ቻርጅ ፍለጋ ቦሌ ድረስ ባዶውን ከሄደ የሄደበትም የተመለሰበትም ኪሳራ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. ፈጣን ጣቢያ ከፍቶ ክፍያውን በቴሌብር ሲያደርግ እነዚህ ሹፌሮች ናቸው ቀድመው የተሰለፉት ቢሉኝ አልገረምም። ስለዚህ ካርታሽ ላይ ቪላውንና የጋራ ግቢውን በሁለት ቀለም ቀቢው፤ ጣቢያው ወደ ሁለተኛው ቀለም ይጠጋ።

4. የባቡሩን አጥር አትርሺ።

ካርታ ላይ መንገድ አንድ መስመር ነው። ከመገናኛ ወደ አያት ያለው መንገድ ግን ቀላል ባቡሩ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ሁለት መንገድ ሆኗል። መሃሉ ታጥሯል። በጉርድ ሾላ በኩል ጣቢያውን ማዶ አይቶ ሊደርስበት የማይችል ሹፌር ዞሮ ለመምጣት ሩቅ ይሄዳል፣ ያም መታጠፊያ ራሱ የተጨናነቀ ነው። ባትሪው 8 በመቶ ላይ የደረሰ ሰው ይህን ሲያደርግ ምን እንደሚልሽ አልጽፈውም።

ስለዚህ በዚህ መንገድ ላይ ወገን መምረጥ አለብሽ። ጠዋት ሰው ወደ መሃል ከተማ ይቸኩላል፤ ማንም ለቻርጅ አይቆምም። ከሥራ ሲመለስ ይቆማል፣ ዳቦም አትክልትም ይገዛል። እንግዲህ ከመገናኛ ወደ አያት ሲኬድ በስተቀኝ ያለው ይሻላል እላለሁ። ይህ ደግሞ ቅድም ከነገርኩሽ ጋር ይጋጫል፦ ሰው ተመልሶ የሚቆምበት ሰዓትና ሰፈሩ እንጀራ የሚጋግርበት ሰዓት አንድ ነው። መፍትሔው የራስ ትራንስፎርመርና ማታ ኃይሉን የሚቀንስ ቻርጀር ነው፣ ሌላ አላውቅም። ያ ወገን ሌላ ክፍለ ከተማ ላይ ቢወድቅብሽም «የእኛ ወሰን አይደለም» ብለሽ እንዳትተዪው። ሄዳችሁ ተነጋገሩ። መኪና ክፍለ ከተማ አያውቅም።

5. ላምበረትንና ካራን አንድ ላይ አስቢያቸው።

የኮተቤው መንገድ ባቡር የለበትም፣ ዞሮ መመለሱም ይቀላል። ላምበረት መናኸሪያ አለ፤ ወደ ሰሜን የሚሄድ ሰው የሚሳፈርበት፣ ዕቃ የሚጫንበት፣ ሹፌር ለተሳፋሪ የሚጠብቅበት። ሹፌር የሚጠብቅበት ቦታ ደግሞ ለቻርጅ የተፈጠረ ነው፤ ለማንኛውም ቆሟል።

ካራ ግን ከሁሉም ይበልጥብኛል። ከተማዋ የምታልቅበት ነው። ከዚያ ለገጣፎ፣ ሰንዳፋ፣ ሸኖ፣ ጫጫ፣ ከዚያ ደብረ ብርሃን፤ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር። ደሴ ደግሞ 400 ኪሎ ሜትር ነው። አዲስ አበባ ራሷ ከፍታ ላይ ናት፣ ደብረ ብርሃን ግን ወደ 2,800 ሜትር ትደርሳለች፤ ወደላይ እየወጡ፣ ንፋሱን እየገፉ፣ በአገር አቋራጭ ፍጥነት። ወረቀት ላይ 400 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች የተባለች መኪና እዚያ መንገድ ላይ ቃሏን አትጠብቅም። ሰውዬው ካራ ላይ 90 በመቶ ይዞ ከወጣ ልቡ ይረጋል። ከሰሜን የሚመጣው ደግሞ ባትሪው አልቆ ገና ከተማ ሲገባ የሚያገኘው የመጀመሪያ ቦታ ካራ ነው። በሁለቱም አቅጣጫ የሚፈለግ ቦታ እዚህ አካባቢ ሌላ አላውቅም። ገናና ጥምቀት ሲቃረብ፣ ወደ ላሊበላ የሚሄደው ሲነሳ፣ ወረፋው ምን እንደሚሆን አስቢና ቦታውን ሰፋ አድርገሽ ያዢ።

አንድ ነገር ተጠንቀቂ። ካራን ትንሽ እንዳለፍሽ ወሰኑ ይለወጣል፤ ለገጣፎ አሁን በሸገር ከተማ ሥር ነው። የመሬቱም የግንባታውም ፈቃድ ከሌላ ቢሮ ነው የሚወጣው። 300 ሜትር ወዲህ ወይም ወዲያ መሆን ወራት ሊያስከፍልሽ ይችላል።

6. እንጦጦ ላይ ፈጣን ቻርጀር እንዳይተከል ተከራከሪ።

ይህን ስትዪ ይቆጡሻል። የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ጎብኚ ይጎርፋል፣ ፎቶው ያምራል፣ ሪባን መቁረጫውም ደስ ይላል። አንቺ ግን ስሌቱን አሳዪያቸው።

1,700 ኪሎ የምትመዝን መኪና 700 ሜትር ከፍታ ስትወጣ ለከፍታው ብቻ 3.2 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልጋታል። የሞተሩን ብክነትና የመንገዱን ርዝመት ጨምሪበት፣ ወደ 5 ቢደርስ ነው። 50 ከሚይዝ ባትሪ ላይ አንድ አሥረኛ። ሲወርድ ደግሞ ሞተሩ ወደ ጄኔሬተር ተለውጦ ከዚያ ላይ ጥሩ አድርጎ ይመልሳል። እንግዲህ እንጦጦ የወጣ ሰው ለመመለስ ቻርጅ አያስፈልገውም፤ ለመውጣት የሚበቃ ይዞ ከመጣ ለመውረድ ከበቂ በላይ አለው።

ይባስ ብሎ አናቱ ላይ ባትሪውን ጢም አድርጎ የሞላ ሰው ሲወርድ ባትሪው የሚመጣውን ኃይል የሚያኖርበት ቦታ የለውም። መኪናዋ ራሷ የምትይዘው ብሬክ ይላላል፤ ሹፌሩ የለመደውን መያዝ ሲያጣ ፔዳሉን እየረገጠ ነው የሚወርደው። ያንን ቁልቁለት የምታውቂው ነው። የፍሬን ሽታ አፍንጫሽ ውስጥ እስኪገባ።

ሦስተኛው ነገር ብዙ ሰው የማያነሳው ነው። የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚመዘነው በተለመደው ሁኔታ እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ እንዲሠራ ተደርጎ ነው፤ የዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን መመዘኛዎች ለቻርጀርም ለማከፋፈያ ሳጥንም እንዲህ ይላሉ። ለትራንስፎርመር እንዲያውም 1,000 ሜትር ነው። አዲስ አበባ በሙሉ ከዚህ በላይ ናት። 3,000 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ይሳሳል። የሳሳ አየር ሙቀት አይወስድም፣ ቮልቴጅም እንደ ወፍራሙ አይከለክልም። ስለዚህ 120 ተብሎ የተገዛው ቻርጀር እንጦጦ ላይ ማራገቢያው እየጮኸ ራሱን ይቀንሳል። ይህ ለመገናኛም ለካራም ይሠራል፣ በመጠኑ። ለሻጩ የምትጽፊው የመጀመሪያ ጥያቄ «በ2,500 ሜትር ላይ ስንት ኪሎዋት ይሰጣል?» የሚለው ይሁን። መልሱን በፊርማ ጠብቂ። በቃል ሁሉም «ምንም ችግር የለም» ይላል።

የንግሥ ቀንንም አስቢ። ማርያም አለች፣ ራጉኤል አለ፣ ኪዳነ ምሕረት የካቲት 16 ሲነግሥ መንገዱ በሰው ይሞላል፤ ጸበል የሚሄድ በሽተኛ ተሸክሞ የሚወጣ መኪና አለ። ታች ደግሞ የካ ሚካኤል ኅዳርና ሰኔ 12። ከቤተ ክርስቲያን በር አጠገብ ጣቢያ ከተከልሽ በእነዚያ ቀናት ዝግ ነው ብለሽ ቁጠሪው።

ታዲያ እንጦጦ ምንም አይተከል አላልኩም። ፓርክ የገባ ሰው ሦስት ሰዓት አይወጣም። የ7 ኪሎዋት ቀስተኛ ቻርጀር በሦስት ሰዓት 21 ኪሎዋት ሰዓት ይሰጠዋል፤ ከበቂ በላይ ነው። ፓርኪንጉ ላይ አሥር እንዲህ ያለ ብታስቀምጪ ሁሉም ባንድ ጊዜ ቢሰካ 70 ኪሎዋት፣ ከአንድ ፈጣን ቻርጀር ያነሰ።

7. እግረኛውን አስቀድሚ፤ በተለይ ተሸካሚዎቹን።

ከኪዳነ ምሕረትና ከፈረንሳይ በላይ ካለው ጫካ ጠዋት የሚወርዱትን እናቶች አይተሻቸዋል። የባሕር ዛፉ ጭራሮና ቅጠል ጀርባቸው ላይ አግድም ይታሰራል፤ ስፋቱ ከሴቲቱ ቁመት ይበልጣል። ወገባቸው ጎብጦ መሬት መሬቱን እያዩ ነው የሚሄዱት፣ ቀና ብለው ምልክት አያነቡም። ቻርጀር ሲተከል መኪና እንዳይገጨው ግራና ቀኝ ብረት ይቆምለታል። ያ ብረት በአንድ ሜትር ተኩል ልዩነት እግረኛ መንገድ ላይ ከቆመ እኔና አንቺ እናልፋለን፤ እሷ አታልፍም። ወደ አስፋልቱ ትወርዳለች፣ ቁልቁል የሚመጣው ሲኖትራክ ፊት። መንገዱ ላይ የተዘረጋ ኬብል ደግሞ እግሯን ይጠልፋታል።

ስለዚህ ከፈረንሳይ በኩል ጣቢያ ካሰብሽ ሁሉም ነገር ከአጥር ወደ ውስጥ ይሁን፤ ከመንገዱ ላይ አንድ ክንድ አትውሰዱ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ቆመሽ የአንዷን ሸክም ስፋት በዓይንሽ ለኪ፤ የእግረኛ መንገድሽን ስፋት እሱ ይንገርሽ።

8. ቦታውን በነሐሴ እዪው።

በጥር ሁሉም ግቢ ደረቅ ነው። ከእንጦጦና ከየካ ተራራ የሚወርደው ጎርፍ የት እንደሚያልፍ ነሐሴ ብቻ ነው የሚናገረው። ካልቻልሽ ጎረቤት ያሉትን ሱቅ ጠባቂ ጠይቂ፣ ውኃው እስከ ምን እንደደረሰ ግድግዳው ላይ በጣታቸው ያሳዩሻል። የቻርጀሩ የኮንክሪት መቀመጫ ከዚያ በላይ ይፍሰስ።

9. አፉን አስተውዪ።

ከቻይና ገበያ የመጡት ቢዋይዲው፣ አይዲ ፎሩ፣ ቶዮታ ቢዚ ፎር ኤክሱ ፈጣን ቻርጅ የሚቀበሉት በቻይናው ጂቢቲ አፍ ነው። የአውሮፓው አፍ ሲሲኤስ ቱ ነው። መንገድ ላይ የሚበዛው የቻይናው ስለሆነ አብዛኛው ጂቢቲ ይሁን። ነገር ግን የካ የኤምባሲ ሰፈር ናት፤ ከሁለቱም አፍ ያለው አንድ ቻርጀር ይኑር። አስማሚ ይዞ የሚመጣ ሹፌር ታገኛለሽ፤ ርካሽ አስማሚ በ120 ኪሎዋት ላይ መቅለጡን ሳታዪ ከልክዪ።

10. ሰፈሩን ሳትጠይቂ አትቆፍሪ።

ብዙ ቦታ መንገድ ዳር ፓርኪንግ የሚያስከፍሉ በማኅበር የተደራጁ ወጣቶች አሉ። ጣቢያሽ የእነሱን መኪና ማቆሚያ ከበላ ከመጀመሪያው ቀን ጠላት አፈራሽ። ወረፋ ማስያዝ፣ ኬብል ማንሳት፣ ግቢ ማጽዳት ሥራ ነው፤ ለእነሱ ስጧቸው። የሚከፈላቸው ልጆች ባሉበት ኬብል አይሰረቅም።

ሹፌሯ ሴት ብትሆንና ማታ 4 ሰዓት ብትመጣስ? ግማሽ ሰዓት መኪናዋ ውስጥ ተቀምጣ ነው የምትጠብቀው። መብራት፣ ጥበቃ፣ የሚዘጋ ንጹሕ መጸዳጃ ይኑር። ጀበና ይዛ የምትቀመጥ ሴት ካገኘሽ ቦታ ስጫት፣ ኪራይ አታስከፍያት፤ እሷ ካለች ሰው አለ።

የኮሪደር ልማቱንም ፕላን ሳታዪ ኮንክሪት አታፍስሺ። ከአራት ኪሎ በቀበና በኩል እስከ መገናኛ ያለው መንገድ እንዴት እንደተለወጠ አይተሻል። ገና የሚሰፋ መንገድ ዳር ላይ የተተከለ ቻርጀር ሁለት ጊዜ ይተከላል።

11. ገንዘቡ ለሦስት ቦታ ብቻ የሚበቃ ቢሆን።

መጀመሪያ ካራን ሥሪ። ሰፊ ግቢ፣ በሁለቱም አቅጣጫ መግቢያ፣ የራሱ ትራንስፎርመር፣ ለጀማሪ አራት ቻርጀር፤ ለስምንት የሚሆን መሠረትና ቱቦ ግን ከወዲሁ ይቀበር። ሁለተኛው ከላምበረት እስከ ኮተቤ ባለው መሃል ለተከራዩና ለራይድ ሹፌሩ ይሁን፤ ማታ ከ3 ሰዓት በኋላ በቅናሽ። ሦስተኛውን ገንዘብ በፈጣን አታጥፊው። ኮንዶሚኒየም ግቢዎች ውስጥ የ7 ኪሎዋቱን ብዙ አድርገሽ በትኚው፤ ነዋሪዎቹ ኮሚቴ አላቸው፣ ከኮሚቴው ጋር ተዋዋይ፣ ቆጣሪውም በኮሚቴው ስም ይሁን። ጉርድ ሾላን የሚቀጥለው በጀት ሲመጣ ታነሺዋለሽ። እንጦጦን ደግሞ ፓርኩ ራሱ ይሥራው፣ ፓርኪንጉ የእሱ ነው።

ሪፖርቱን ከማስገባትሽ በፊት ቅዳሜ ከሰዓት ወደ ቤት ብቅ በዪ፤ የኮተቤን የመስመር አቅጣጫ በእርሳስ ካርታሽ ላይ አሰምርልሻለሁ።